«ዳግማዊ» ቍጥር ነውን? ስለ ተደጋጋሚ የታሪክ ስሞችና ስለ አመዘጋገባቸው

ለመዝገበ ቃላት ሥራ የሰበሰብናቸውን የስም ካርዶች በፊደል ተራ ስናደራጅ፣ «ካሣ ኃይሉ» ከሚለው ላይ ስንደርስ ከባድ ስሕተት ሠርተን ነበር። በአንድ መጠቅለያ ካሰርናቸው ካርዶች አንደኛው፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነግሦ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ስለ ሞተ ካሣ ኃይሉ ይገልጻል። ሌላው ደግሞ በ1929 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ሦስት ልጆቹን ስለ ገደለበት ካሣ ኃይሉ ያትታል። በካርዶቹ ብንሄድ ሰውየው በሞተ በሰባኛው ዓመት ግድም የልጅ ሐዘን ደረሰበት ማለት ነው። ስሕተቱን ያረሙልን ወደ አምቦ ለቃላት ስብሰባ በሄድንበት ጊዜ ካርዶቹን አብረውን ይመለከቱ የነበሩ አንድ አዛውንት መምህር ናቸው። «እነዚህማ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ምነው የአያታቸውን ስም ቈረጣችሁት?» አሉን።

የቈረጥነው በደንብ ነው። ቦታ ለመቈጠብ ሲባል ከአባት ስም አልፎ እንዳይጻፍ አስቀድመን ወስነን ነበር፤ ስም የተጋጠመ እንደሆነ እንደ ነገሥታቱ «ቀዳማዊ»፣ «ዳግማዊ» እያሉ በተራ ቍጥር መለየት ይበቃል የሚል እምነት ነበረን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እምነታችን ለምን ትክክል እንዳልነበረ ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱን ሰዎች እንለያቸው። የመቅደላው ካሣ፣ ካሣ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ማለት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ሁለተኛው ከአምቦ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የምትገኘውን ፍቼን መቀመጫቸው አድርገው ሰላሌን ያስተዳደሩት፣ በ1873 ዓ.ም. ተወልደው በ1949 ዓ.ም. ያረፉት ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ ናቸው። እኒህ ካሣ ኃይሉ ዳርጌ ይባላሉ። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ የራስ ካሣ አያት በእናታቸው በኩል ናቸው፤ አባታቸው ደጃዝማች ኃይሉ የላስታ ሰው ሲሆኑ የወልደ ኪሮስ ልጅ ናቸው። ስለዚህ በሦስተኛው ስፍራ የቆመው ስም የትውልድ ሐረግን በቀጥታ ወደ ላይ የሚቈጥር አይደለም፤ ሰውየው የሸዋን መንግሥት ቤት በየት በኩል እንደሚወርስ የሚናገር ነው። «የአያት ስም» የሚለው መጠሪያ ራሱ ይህን አይገልጽም፤ ነገር ግን የተሻለ ቃል እስኪገኝ እንሠራበታለን።

ካሣ የሚለውን ስም የተሸከመ ሦስተኛ የታሪክ ሰውም አለ፤ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ። ከሁለት ንጉሠ ነገሥታት የልደት ስም አንድ መሆኑ በአጋጣሚ ብቻ የሚታለፍ አይመስለንም። «ካሣ» የ«ካሰ» ዘር ነው፤ ለጠፋ ነገር የሚከፈል ምትክ ማለት ነው። ኦሮምኛው «ቤኛ» ይለዋል። ወላጆች ይህን ስም የሚያወጡት በአብዛኛው ከሞተ ልጅ ወይም ከደረሰ ጉዳት በኋላ ለተወለደው ነው፤ ምትኩ፣ ተካና ማካሻም የዚሁ ቤተ ሰብ ናቸው። ስሙ የሚደጋገመው እንግዲህ ሞት ስለሚደጋገም ነው። ሁለቱን ካሦች ሕዝቡና ወታደሩ የለዩዋቸው ግን ያለ ምንም ቍጥር ነው፤ አንዱን መይሳው ካሣ፣ ሌላውን በዝብዝ ካሣ አሏቸው።

ወደ ተራ ቍጥሩ እንመለስ። «ዳግማዊ» ደገመ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው። ደገመ በአማርኛም አለ፤ ያለፈውን መልሶ ሠራ ወይም ተናገረ ማለት ነው። «ዳዊት ደገመ» ስንል ሁለት ጊዜ አነበበ ማለታችን አይደለም፤ የተጻፈውን በአፉ ሕያው አደረገው ማለታችን ነው። «ዳግም ምጽአት» እና «ዳግማ ትንሣኤ» የሚሉትም ተመልሶ የሚመጣውን ነገር ያስታውሳሉ። ግእዝ ለንጹሕ ቈጠራ ሌሎች ቃላት አሉት፤ የፊደሉን ሁለተኛ ድምፅ «ካዕብ» አለው እንጂ «ዳግማዊ» አላለውም። አማርኛም በበኩሉ «ሁለተኛ» የሚል የራሱ ቃል እያለው ዛሬም ቢሆን ዳግማዊ ምኒልክ እንጂ «ምኒልክ ሁለተኛ» ሲባል እምብዛም አይሰማም፤ «ዮሐንስ አራተኛ» ሲባል ግን ማንንም አይከብደውም። ልዩነቱ የቃል አመራረጥ ብቻ አይደለም። ዳግማዊ የሚለው ቃል የተጠሪውን ሰው ከቀደመው ጋር ያያይዘዋል እንጂ አይለየውም።

የታሪክ ምስክሮቹም ይህንኑ ያጠናክራሉ። አፄ ምኒልክ የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው፤ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ሲነግሡ ዳግማዊ የተባሉት የሳባ ንግሥት ልጅ የተባለውን የመጀመሪያውን ምኒልክ ደግመው ነው። በሁለቱ መካከል እንደ ትውፊቱ ወደ ሦስት ሺህ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለ። የሚገርመው ደግሞ ክብረ ነገሥት ያንን ልጅ የሚጠራው «በይነ ልሕክም» ብሎ ነው፤ ቅብዐ መንግሥት ሲቀባም ዳዊት ተብሏል። ስለዚህ ሂሳቡን በቀጥታ ብናሰላ «ዳግማዊ» የሆኑት በዙፋን ስም ያልተጠራበትን ስም በመድገም ነው። ቈጣሪ ሰው ይህን ስሕተት ይለዋል። የምኒልክን ማኅተም ላስቀረጹት ሰዎች ግን ቁም ነገሩ ቈጠራው ሳይሆን የዘር ሐረጉ መመለሱ ነበር።

ቴዎድሮስም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ቴዎድሮስ የአፄ ዳዊት ልጅ ሲሆኑ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው ነግሠው አልፈዋል። ካሣ ኃይሉ ይህን ስም የመረጡት ግን በፍካሬ ኢየሱስ የተነገረውን፣ ይመጣል ተብሎ የሚጠበቀውን ንጉሥ በማሰብ እንደ ሆነ ይታወቃል። የተደገመው ያለፈው ሰው ሳይሆን ተስፋው ነው። አፄ ዮሐንስ ደግሞ በተቃራኒው መንገድ አራተኛ ሆኑ፤ ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሁለተኛውና ሦስተኛው ዮሐንስ በዘመነ መሳፍንት በስም ብቻ የነገሡ፣ ሥልጣኑ በሌሎች እጅ የነበረ ነገሥታት ናቸው። ቍጥሩ ለእነዚህም ቦታ ሰጥቷል። በፈረንሳይ በ1845 ዓ.ም. ዙፋን የወጣው ናፖሊዮንም ራሱን «ሣልሳዊ» ሲል፣ በተግባር ያልነገሠውን የአጎቱን ልጅ ሁለተኛ አድርጎ መቍጠሩ ነበር። የነገሥታት ቍጥር በየትም አገር ሂሳብ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

«ቀዳማዊ» የሚለው ቃል ታሪክም ይህን ያሳያል። በልማድ የመጀመሪያው ሰው «ቀዳማዊ» የሚባለው ሁለተኛው ከመጣ በኋላ ነው፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ንጉሠ ነገሥት ግን ሁለተኛ ሳይኖር ከዚያው ዕለት ጀምሮ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» ተብለዋል። ቃሉ እዚህ ላይ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ይመለከታል። በአንጻሩ ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ስለ ወረዱ በሕዝቡ አፍ ልክ እንደ ልጅነታቸው «ልጅ ኢያሱ» ሆነው ቀሩ። አንዳንድ ጸሐፊዎች «ኢያሱ አምስተኛ» ይሏቸዋል፤ ቍጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ቋንቋው ግን አልተቀበለውም። ፍቼ ላይ ለብዙ ዓመታት በግዞት ሲጠብቋቸው የነበሩት ደግሞ ከላይ የጠቀስናቸው ራስ ካሣ ኃይሉ ናቸው። እንግዲህ ቍጥር ያልተሰጠው ኢያሱ፣ የቴዎድሮስን የልደት ስም ከነአባት ስሙ በተሸከመ ሰው እጅ ነበረ።

ቍጥር ካልለየ ምን ይለያል? የጎንደር ዘመን ለዚህ ጥሩ መልስ ነበረው። ታላቁ ኢያሱ አድያም ሰገድ ናቸው፤ በ1723 ዓ.ም. የነገሡት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ኢያሱ ብርሃን ሰገድ ናቸው። በሰገዱ ስም የሚያውቃቸው ሰው አንዱን ከሌላው ሊያምታታ አይችልም። የመጀመሪያው ዮሐንስም እስከ ዛሬ «ጻድቁ ዮሐንስ» ይባላሉ። በ19ኛው መቶ ዓመት ይህን ሥራ በአብዛኛው የወሰደው የፈረስ ስም ነው፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። በዚህ ልማድ ውስጥ ኦሮሞውም አማራውም ስለሚገናኝ ለምዕራብ ሸዋ ካርዶቻችን የፈረስ ስም እጅግ ጠቅሞናል። ከጨቦ የተነሡት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በ1919 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በአገሩ ሁሉ የሚታወቁት አባ መላ በሚለው ስማቸው ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ የሚባል ሰው በየደብሩ ይገኛል፤ አባ መላ ግን አንድ ናቸው። ይሁንና የፈረስ ስምም አንዳንድ ጊዜ ይወረሳል፤ የጅማው አባ ጅፋር ሁለት ናቸውና እዚያ «ዳግማዊ» ተመልሶ መጥቷል።

ጳጳሳቱ ግን የአባት ስምም፣ የአያት ስምም፣ የፈረስ ስምም የላቸውም። በሢመት ጊዜ የቀድሞ ስማቸውን ስለሚተዉ አንዱን አቡነ ጴጥሮስ ከሌላው የሚለይ በስሙ ውስጥ የተቀመጠ ምልክት የለም። በካርዶቻችን ቢያንስ ሦስት ጴጥሮሶች አሉ። አንዱ በመጋቢት 1599 ዓ.ም. በጎል ጦርነት ከአፄ ያዕቆብ ጋር ወድቀዋል። ሌላው በአፄ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1870ዎቹ፣ ከአቡነ ማቴዎስ፣ ከአቡነ ሉቃስና ከአቡነ ማርቆስ ጋር ከግብፅ የመጡት ናቸው። ሦስተኛው፣ ከሢመታቸው በፊት መምህር ኃይለ ማርያም ይባሉ የነበሩት የፍቼው ሰው፣ በ1921 ዓ.ም. ተሹመው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት የተገደሉት ሰማዕት ናቸው።

እኒህን ሦስተኛውን ጴጥሮስ በመድረክ ያስነሡት ጸሐፊ የአምቦ ልጅ ናቸው። ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለዱት ከአምቦ ከተማ አጠገብ በቦዳ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ጳጳሱ ከተገደሉ በ19ኛው ቀን መሆኑ ነው። ስለ ቴዎድሮስና ስለ ምኒልክም ተውኔት ጽፈዋል፤ ስለ ጳጳሱ የጻፉት ተውኔት ርእስ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ይባላል። ርእሱን እንደ መዝገበ ቃላት ሠራተኛ ስንመለከተው፣ ጴጥሮስን ከጴጥሮስ የለየው ቍጥር ሳይሆን ሰዓቱ ነው። የትኛው ጴጥሮስ ነው ብሎ የጠየቀ ተመልካች የሚኖር አይመስለንም።

የእኚሁ ጸሐፊ ካርድ ነው በአምቦ ሐሳባችንን ያስለወጠን። በደንባችን መሠረት «ጸጋዬ ገብረ መድኅን» ብለን ዘግተነው ነበር። ሁለቱም ስሞች የትም አገር የሚገኙ የክርስቲያን ስሞች ናቸው፤ ከጎንደርም ከመንዝም ሊሆን ይችላል። የአያታቸው ስም ቀዌሳ ነው፤ ቦዳንና ኦሮሞነታቸውን የሚናገረው ይህ ስም ብቻ ነው። በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር የሰበሰብናቸውን ካርዶች እንደገና ስናያቸው ይኸው ነገር ደጋግሞ ገጠመን። ልጁ የአማርኛ ስም፣ አባቱ የግእዝ ስም፣ አያቱ የኦሮምኛ ስም አላቸው። ከአባት ስም ላይ መቍረጥ ለጎንደር መዝገብ ቦታ መቈጠብ ነው፤ ለምዕራብ ሸዋ ግን አንድ ቋንቋን ከነባለቤቱ ከመዝገቡ ማውጣት ነው።

ከተሞቹም ቢሆኑ ተመሳሳይ ዕጣ አላቸው። አምቦ በንጉሡ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ተብላ ነበር፤ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዋና ከተማቸውን ሊያዛውሩባት ያሰቧት አዲስ ዓለም ኤጄሬም ትባላለች፤ ሆለታም «ገነት» የሚል ስም ነበራት። በመዝገቡ አንዱን ስም ብቻ ያገኘ አንባቢ ሁለት ከተማ እንደ ነበረ ሊያስብ ይችላል፤ ለካሣ ኃይሉ ከሆነው ተቃራኒ መሆኑ ነው።

ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው የተጸውዖ ስሞችን «የሰው ስም» እያሉ ከነምስጢራቸው ማስገባታቸው ለእኛ መንገድ ጠራጊ ነበር። በእሳቸው ሥራ ላይ ተመሥርተን ካርዶቹን እንደገና ጽፈናል። ዋናው ቃል የሰውየው ስም ነው፤ ቀጥሎ የአባት ስም፤ ቀጥሎም የአያት ስም ከየት ወገን እንደ ሆነ ተጠቅሶ፤ ከዚያ የፈረስ ስም ወይም የሰገድ ስም ካለ። «ዳግማዊ» የሚለው ቃል ከካርዱ አልተሰረዘም፤ ነገር ግን ከቍጥር ረድፍ ወጥቶ «ማዕረግ» በሚለው ረድፍ ገብቷል። ከሥራ ባልደረቦቻችን መካከል ይህ ቦታ ያባክናል የሚሉ ነበሩ፤ በእርግጥም እያንዳንዱ ካርድ በሁለት መስመር ረዝሟል።

ደንቡ የማይመልሰው ጥያቄም አልጠፋም። ከደንዲ የተነሡት፣ ገና በ15 ዓመታቸው ለአርበኝነት የወጡት ሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎ በሁለት ስም ብቻ ይታወቃሉ፤ ማንም ከሌላ አምታቷቸው አያውቅም። ለእሳቸው ሦስተኛውን መስመር ባዶ ትተነዋል።