ዕቁብሽን ከማውጣትሽ በፊት፦ ስለ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ማሽኖች ትንሽ ታሪክ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ኮምፒውተሬ ሊገድለኝ ነው። የሠርግ ቪዲዮ ስቆርጥ በየሰከንዱ ስታክ ያደርጋል። ዕቁብ ደርሶኛል፤ ይሄን ሸጬ አዲስ ልግዛ እንዴ?»

የዕቁቡ ብር ለምን እንደታሰበ አውቃለሁ፤ የስቱዲዮዋ የስድስት ወር ኪራይ ነው። «ቆይ፣ እንዳትገዢ» ብዬ መልስ መጻፍ ጀመርኩ። መልሱ ረዘመብኝ። ብዙዎቻችሁም ይህንኑ ስለምትጠይቁኝ እዚሁ ለጠፍኩት። እንደተለመደው ከሩቅ ነው የምጀምረው፤ ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበርኩ፣ ታውቁኛላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1971 የአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥንና ሜሞሬክስ የተባለው ኩባንያ በጋራ ያቋቋሙት ድርጅት ሲኤምኤክስ 600 የሚባል ማሽን አወጣ። ቪዲዮን ዲስክ ላይ አስቀምጦ፣ ቴፕ ሳያጠነጥኑ ወደፈለጉት ቦታ እየዘለሉ ለመቁረጥ ያስቻለ የመጀመሪያው ማሽን ነው። ዲስኮቹ እያንዳንዳቸው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያክላሉ። ያን ሁሉ ብረት ተሸክሞ የሚያሳየው ምስል ግን ጥቁርና ነጭ፣ ያውም የደበዘዘ ነበር። ያንን ምስል ለተመልካች ላሳይ ያለም አልነበረም። ኤዲተሩ በደበዘዘው ቅጂ ላይ የት እንደሚቆርጥ ይወስናል፤ ማሽኑ የቁርጦቹን ዝርዝር ያወጣል፤ ዋናው ቴፕ በዝርዝሩ መሠረት ሌላ ቦታ ይገጣጠማል። ማሰቡ በርካሽ ቅጂ፣ ማጠናቀቁ በዋናው።

በ1989 አቪድ ሲመጣም ነገሩ ያው ነው። ያን ጊዜ አንድ ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ በሺዎች ዶላር ይሸጥ ስለነበር ምስሉን እስኪሻክር ድረስ ጨምቀው ነበር የሚያስገቡት። በ1991 የወጣው የመጀመሪያው ፕሪሚየርማ የሚያሳየው ቪዲዮ የፖስታ ቴምብር ያህል ነበር ብል አላጋነንኩም፤ 160 በ120 ነጥብ።

የእኔ ታሪክ ከዚህ ሁሉ ዘግይቶ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ በሁለት ቪኤችኤስ ዴክ፣ አንዱን ፕሌይ ሌላውን ሪከርድ እያደረግሁ ነበር የምቆርጠው። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ የሚያሳየውን መሀል ላይ ረስቼው ከሆነ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ እንደገና መሥራት ነው፤ ወይም የተቀዳውን ደግሞ መቅዳት። ሦስተኛ ቅጂ ላይ ሲደርስ የሙሽራዋ ቬሎ ከግድግዳው አይለይም።

ከዚያ ዲቪ ካሜራና ፋየርዋየር ካርድ መጣ። በ1996 ዓ.ም ፔንቲየም ፎር፣ 256 ሜጋ ራም፣ 40 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ያለው ኮምፒውተር ገዛሁ። የዲቪ ቪዲዮ በሰዓት 13 ጊጋ ገደማ ይወስዳል። አንድ ሠርግ ሦስት ካሴት ነው፤ ዊንዶውሱና ፕሮግራሙ ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ ሦስቱ አይገቡም። ስለዚህ አንዱን አስገባለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ ወደ ካሴት እመልሳለሁ፣ አጠፋለሁ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። አንድ ሌሊት ሬንደር 90 በመቶ ደርሶ መብራት ሄደ። ጠዋት የሙሽራው ወንድም በር ላይ ቆሞ ነበር። (ከራም በፊት ዩፒኤስ ግዙ የምላችሁ ለዚህ ነው።) ታዲያ ያን ጊዜ ዝቅ ያለ ጥራት ያለው ቅጂ አስገብቼ ብቆርጥ ኖሮ ሦስቱም ካሴት በአንዴ ይገቡልኝ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ዘዴ፣ እኔ አልሰማሁም።

በ2003 የወጣውን «ኮልድ ማውንቴን» የተባለ ፊልም ኤዲት ያደረገው ዋልተር መርች፣ ከሱቅ በሚገዙ ፓወር ማክ ጂ4 ኮምፒውተሮችና 999 ዶላር በሚሸጠው ፋይናል ከት ፕሮ ነው የሠራው። ትልቅ የሆሊዉድ ፊልም ነው፣ ለኤዲቲንግ ኦስካር ታጭቷል። ኮምፒውተሮቹ የሲኒማውን ሙሉ ጥራት አልተሸከሙም፤ የተሸከሙት ቅጂውን ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ ማሽን። 8ኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ። ከእኔ ፔንቲየም ጋር አይወዳደርም። ታዲያ የእኔ ዲቪ ሳይደናቀፍ እየሄደ የእሷ ለምን ይንተባተባል? ዲቪ እያንዳንዱን ምስል ለብቻው ሙሉ አድርጎ ነበር የሚያስቀምጠው። የዛሬ ካሜራና ስልክ የሚቀርጹበት ኤች264 እና ኤች265 ግን አንድ ሙሉ ምስል ይይዙና ለሚቀጥሉት በአብዛኛው የተለወጠውን ብቻ ነው የሚጽፉት። ለማየትና ለመላክ ግሩም ነው። ለመቁረጥ ግን መከራ ነው፤ መሀል ላይ ጠቅ ባደረጋችሁ ቁጥር ማሽኑ ወደ ኋላ ሄዶ ሙሉውን ምስል ፈልጎ፣ ከዚያ ጀምሮ እያሰላ ይመጣል። በዚያ ላይ 4ኬ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው አፕግሬድ ብር አይጠይቅም። ፕሮክሲ ሥሩ። ፕሪሚየርም ሆነ ነፃው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ይሠሩታል። በ720 መጠን፣ በፕሮሬስ ፕሮክሲ ወይም በዲኤንኤክስኤችአር ኤልቢ አስወጡት፤ እነዚህ እንደ ድሮው ዲቪ እያንዳንዱን ምስል ለብቻው የሚይዙ ናቸው። ማታ አስጀምራችሁ ተኙ፣ ጠዋት ቁረጡ። ኤክስፖርት ስታደርጉ ፕሮግራሙ ራሱ ወደ ዋናው ፋይል ይመለሳል። የ1971ዱ ማሽን ሥራ ይኸው ነው።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ቪዲዮው እየሄደ ታስክ ማናጀርን ክፈቱና የቱ 100 እንደሚደርስ እዩ። የእሷን በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፤ ራሙ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ዲስኩም 100 ላይ ቆሟል። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ትርፉን ዲስኩ ላይ ይደፋዋል፤ ዲስኩ ደግሞ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። ፕሮሰሰሩ ግማሹን እንኳ አልሠራም። አዲስ ኮምፒውተር ምን ያደርግላታል?

ሁለት ነገር አስገዛኋት። አንደኛ፣ ከነበረው ጋር ጥንድ የሚሆን ተጨማሪ 8 ጊጋ ራም (ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 አይገጣጠሙም፤ ያለውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ)። ሁለተኛ፣ 500 ጊጋ ኤስኤስዲ። ተራው ሳታ ኤስኤስዲ እንኳ በሰከንድ 500 ሜጋ ገደማ ያነባል፤ ሃርድ ዲስኩ 150 ከደረሰ ጥሩ ነው፣ ፋይል እየዘለለ ሲፈልግማ ከዚያም በጣም ያንሳል። ዊንዶውሱ፣ ፕሮግራሙ፣ ካሹና የያዘችው ሥራ ኤስኤስዲው ላይ፤ ያለቀው ሠርግ አሮጌው ዲስክ ላይ።

ግራፊክስ ካርድ ለምን አልገዛችም ለምትሉ፦ ለከለር፣ ለኢፌክት፣ ለድምቀት ሥራ ካርድ ያስፈልጋል፣ አልክድም። ቁርጥ ብቻ ከሆነ ግን ኢንቴል ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ኤች264ን በራሱ ይፈታል። ያገለገለ ማሽን የምትገዙ ከሆነ ከ7ኛ ትውልድ በታች አትውረዱ፤ 10 ቢት ኤች265ን የሚፈታው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ስሙ መጨረሻ ላይ ኤፍ ፊደል ያለበት ፕሮሰሰር ደግሞ ያ ግራፊክስ የለውም። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም፤ ምናልባትም አያውቀውም።

ትናንት ማታ ጻፈችልኝ። የሁለት ካሜራ ሠርግ ሳይንቀራፈፍ ቆርጣለች። ኤክስፖርቱ ግን አሁንም ረጅም ነው፤ ፕሮክሲ እዚያ ላይ አያግዝም፣ ፕሮሰሰሩ ያው ነው። ማታ አስጀምራ ትተኛለች። ከዕቁቡ የወጣው ሩቡ አይሞላም፤ የቀረው ለአከራይዋ ገብቷል።

እናንተም ማሽኔ አስቸገረኝ የምትሉ፣ ከታስክ ማናጀሩ ፎቶ ጋር ላኩልኝ። ያለ ፎቶ «ጋሼ ምን ልግዛ» አትበሉኝ፣ አልመልስም።