ጌሙን የሚችል ኮምፒውተር፦ «መነሻ አቅም» እና «ተመራጭ አቅም»

በኬንያዋ ሞያሌ የቦረና ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ስዋሂሊና አማርኛ በአንድ ገበያ ይሰማሉ። አማርኛ ተናጋሪው ጌም ወዳድ ያገለገለ ኮምፒውተር ሊገዛ ሲል ጥያቄው «ጌሙን ይችለዋል?» ነው። አጭርና ጥርት ያለ አማርኛ! «ሲስተም ሪኳየርመንትስ» የሚለውን እንግሊዝኛ የሚተረጉሙ ሰዎች ግን ይህን ትተው «የሥርዓት መስፈርቶች» የሚል ሐረግ እያሰራጩ ነው።

ሐረጉ አንባቢን ያደናግራል። ሥርዓት የተገኘው «ሠርዐ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው፤ ማሰናዳት፣ ደንብ ማቆም ማለት ነው። ሥርዓተ ቅዳሴ፣ ሥርዓተ ቀብር፣ ሥርዓት ያለው ልጅ ይባላል። ሥርዓተ ፀሐይም ያስኬዳል፤ ፕላኔቶቹ በወጉ ተሰድረዋልና። ጌሙ የሚጠይቀው ግን የማሽኑን ጉልበት ነው፤ አሰዳደሩን ማን ጠየቀ?

«መስፈርት» ላይ ጠብ የለም። ሰፈረ እህል የሚለካበት ግስ ነው፤ መስፈሪያም መስፈርትም ከእሱ ይወለዳሉ።

ስዋሂሊ በበኩሉ «ማሂታጂ ያ ምፉሞ» ይላል። «ምፉሞ» መሸመን ከሚለው «ፉማ» የወጣ የራሱ ቃል ነው፤ «ማሂታጂ» ደግሞ ፍላጎት ነው። አማርኛ «የሲስተም ፍላጎት» ቢል ግን ፈላጊው ኮምፒውተሩ ይመስላል፤ ፈላጊውስ ጌሙ ነው። «የመሸከም አቅም» የሚሉም አሉ። ለድልድይና ለጭነት መኪና የኖረ፣ ጥሩ አነጋገር ነው፤ ለሠንጠረዥ ርዕስ ግን ይረዝማል።

ከሁሉ የሚሻለው ቃል ግን እዚያው «የመሸከም አቅም» ውስጥ አለ፦ አቅም። በግእዝ «ዐቅም» ልክም፣ ወሰንም፣ ችሎታም ነው። «አቅመ አዳም ደረሰ» ሲባል ጎልማሳው ትዳር ለመሸከም የሚበቃበት ልክ ላይ ደርሷል ማለት ነው። እንግዲህ ዝቅተኛው ልክ «መነሻ አቅም»፣ ጌሙ ሳይንተፋተፍ የሚሄድበት «ተመራጭ አቅም»፣ ሁለቱን ከማሽኑ ጋር ማስተያየቱ «አቅም ማመሳከር» ይባል።

በተግባር እንዲህ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒውተር የወጣው ጂቲኤ 5 መነሻ አቅሙ 4 ጊጋባይት ራም፣ ተመራጭ አቅሙ 8 ጊጋባይት ነበር። ገዢው በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የዊንዶውስንና የ«አር»ን ቁልፍ አብሮ ተጭኖ በላቲን ፊደል dxdiag (ዲኤክስዲያግ) ብሎ ይጽፍና «ኢንተር»ን ይጫናል። በሚከፈተው መስኮት የመጀመሪያው ገጽ ፕሮሰሰሩንና ራሙን፣ የማሳያው ገጽ ግራፊክስ ካርዱን ይነግረዋል።

«መነሻ» የሚለው ቃል ሌላም ጥቅም አለው። መነሻ ደመወዝ፣ መነሻ ዋጋ ከፍ ሊል እንደሚችል ሁሉም ያውቃል፤ የጌምም እንዲሁ ነው። ሳይበርፐንክ 2077 የወጣው ታኅሣሥ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። ያኔ መነሻው 8 ጊጋባይት ራም ነበር፤ ተራ ሃርድ ዲስክም ይበቃው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን አዘጋጁ ድርጅት መነሻውን ወደ 12 ጊጋባይት አሳደገ፤ ኤስኤስዲም ግድ ሆነ። ስለዚህ ሻጭ «ይህ ማሽን ሳይበርፐንክን ይችላል» ሲል፣ ገዢው «በየትኛው ዓመት መነሻ አቅም?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባል።