ዓይን ኖሮት ጆሮ ያልነበረው ካሜራ

መቼም በቤት ኮምፒውተር ካሜራ የተቀረጸ ቪዲዮ ከፍቶ ድምፁን እስከ ጥግ ያልጨመረ በመካከላችን የለም። ምስሉ ይታያል፣ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ግን ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። አብዛኞቻችን ስፒከሩን እንረግማለን። ዛሬ ስፒከሩን ከክሱ ነፃ አውጥተን ነገሩን ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው በቡና ነው። የቡና አገር ልጆች ነንና ይህን ስንሰማ ትንሽ ኮራ ብንል አይፈረድብንም። በ1991 በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ላብራቶሪ፣ ተመራማሪዎች ቡና ሊቀዱ ደክመው ሲደርሱ ማፍያው ባዶ እየሆነ አስቸገራቸው። መላ ዘየዱ፦ ካሜራ ማፍያው ፊት ገትረው ምስሉን በየጠረጴዛቸው ማየት ጀመሩ። ምስሉ 128 በ128 ፒክስል፣ ቀለም የሌለው ነበር። በ1993 ኢንተርኔት ላይ ወጣ፤ በ2001 ተዘጋ። ልብ በሉ፤ ቡና አይናገርም። ስለዚህ ማይክሮፎን ማንም አላስፈለገውም። የዌብካም አያት የተወለደው ዓይን ብቻ ይዞ ነው።

በ1994 ኮኔክቲክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ኩዊክካምን በ100 ዶላር ገደማ ለገበያ አቀረበ፤ ካሜራም ወደ ተራው ሰው ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከተሸጡት ርካሽ ካሜራዎች ብዙዎቹ የሚያዩ እንጂ የሚሰሙ አልነበሩም። ድምፅ የሚገባው በሌላ ማይክ፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ባለው ቀዳዳ ነበር። ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ፒሲ 99 በተባለው መመሪያቸው ለቀዳዳዎቹ ቀለም ሰጧቸው፦ ሮዝ ለማይክ፣ ውኃ ሰማያዊ ከቴፕ ለሚመጣ ድምፅ፣ አረንጓዴ ለስፒከር። ቀለሙ ለጌጥ አይደለም። ማይክ የሚያመነጨው የቮልት ሺህኛ ክፍሎችን ነው፤ ሰማያዊው ቀዳዳ ግን እጅግ የሚበልጥ ጉልበት ይጠብቃል። ማይኩን እዚያ የሰካ ሰው ድምፁ ቢጠፋበት አይገርምም።

ማይክሮፎኑ ራሱስ? ቤል በ1876 ስልክን፣ ኤዲሰን ትንሽ ቆይቶ የካርቦን ማይክሮፎንን ሲያመጡ ተናጋሪው አፉን ከዕቃው ጋር ሊያነካካ ምንም አይቀረው ነበር። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1962 በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ነው። ጌርሃርድ ሴስለርና ከቨርጂኒያ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጄምስ ዌስት ኤሌክትሬት ማይክሮፎንን ሠሩ፤ የኤሌክትሪክ ሙሌቱን ለዘለቄታው ይዞ የሚቆይ ስስ ፕላስቲክ ያለበት፣ ትንሽና ርካሽ ዕቃ። ማይክሮፎን ከካሴት መቅረጫ እስከ ዌብካም በየዕቃው የተሰገሰገው በዚህ ፈጠራ ነው። ግን አንድ ነገር ከፈልን፦ ማይኩ ሲያንስ ከአፋችን ራቀ። የስልክ እጀታ ከከንፈር ጥቂት ሴንቲሜትር ነበር፤ ስክሪን ላይ የተቀመጠ ካሜራ ግን 60 ሴንቲሜትር ይርቃል።

እዚህ ላይ ነው ወንጀለኛው የሚያዘው። በግርድፉ፣ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከ15 ሴንቲሜትር ወደ 60 ስንሄድ ርቀቱ ሁለት ጊዜ ታጥፏል፤ ማይኩ ጋ የሚደርሰው የድምፅ ግፊት ሩብ ብቻ ነው። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ግን ካለበት አልተነቃነቀም።

መፍትሔውም ከታሪኩ ይወጣል። መጀመሪያ ወደ ማይኩ መቅረብ፣ ወይም ማይኩን ወደ አፍ ማምጣት። ቀጥሎ መሰኪያው ሮዙ መሆኑን ማየት። ከዚያ ወደ ዊንዶውስ የመቅረጫ ማስተካከያ ገብቶ የማይኩን መጠን ከፍ ማድረግ። «ማይክሮፎን ቡስት» የሚለው ምርጫ መጨረሻ ይምጣ፤ 20 ዴሲቤል ሲጨምር ምልክቱን 10 እጥፍ ያደርጋል፣ የማራገቢያውንም ጩኸት አብሮ። የተቀረጸውን በኋላ ኦዳሲቲን በመሰለ ፕሮግራም ማጉላት ይቻላል፤ ግን እዚያም ገለባው ከእህሉ ጋር ያድጋል። ዛሬ ስልኮቻችን ውስጥ ያለው ማይክ ሌላ ዓይነት ነው፤ የርቀቱ ሕግ ግን ያው ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ምን አስጨነቀን? ቋንቋችን ነዋ! «አያታችን አሉ» የሚለውን እንመልከት። ላልቶ ሲነገር ተናገሩ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር በሕይወት ይገኛሉ ማለት ነው። ልዩነቱን ፊደላችን አይጽፈውም፤ የሚኖረው በድምፅ ብቻ ነው። የደበዘዘ ፎቶ የማን እንደሆነ ቢያንስ ይገመታል፤ በጫጫታ የተዋጠ ንግግር ግን ከነትርጉሙ ይሄዳል። ከዋሽንግተን እስከ ቴል አቪቭ የተበተነው ዘመዳችን ለልጆቹ ሊያስቀምጥ የሚፈልገው የእናቱን ፊት ብቻ አይደለም፤ ምርቃቷንም ነው።

ስለዚህ እናቶቻችንን ስንቀርጽ «ጮክ በይ» አንበላቸው። እኛው ማይኩን እናስጠጋላቸው።

ቸር እንሰንብት!