ኮድ የሚጽፍ ኮድ

ከላምበረት መናኸሪያ ወደ ደብረ ብርሃን የወጣ አውቶቡስ በየደቂቃው እየደወለ «እዚህ ደርሻለሁ» አይልም። የሚጠብቀው ዘመድ በመነሻ ሰዓቱና በፍጥነቱ ይገምታል፤ የሚደወለው ጎማ ሲፈነዳ ነው።

በኔትወርክ የተያያዙ ኮምፒውተሮች አንድ ሲሙሌሽን ሲጋሩም እንደዚሁ ናቸው። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1983 ዳርፓ በጀመረው ሲምኔት፣ በታንክ ልምምድ ነው የተፈተነው፤ በ1993 ዲአይኤስ የሚባለው መስፈርት ከዚያ ወጣ። መከራው የመልእክቶቹ ብዛት ነው፦ በ1995ቱ እትም 27፣ በ1998ቱ 67። የአንድን ተሽከርካሪ ሁኔታ የሚናገረው ብቻውን ቢያንስ 144 ባይት ነው። ይህን ሁሉ በእጅ ጻፉት እስቲ! አንዲት ባይት ከተዛነፈች ታንኩ ባሕር ውስጥ ይገኛል።

በካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ካለው የባሕር ኃይል ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የወጣው ኦፕን ዲአይኤስ መላ አበጀ። እያንዳንዱ መልእክት በኤክስኤምኤል አንዴ ይገለጻል፤ የጃቫውንም የሲ ፕላስ ፕላሱንም ኮድ ማመንጫ ፕሮግራም ይጽፈዋል። አዲስ መልእክት መጨመር ማለት መግለጫውን አስፍቶ እንደገና ማመንጨት ነው።

እኔ ግን ቸኩዬ የመነጨውን የጃቫ ፋይል በእጄ አረምኩ። በሳምንቱ ጓደኛዬ እንደገና ሲያመነጭ እርማቴ ድራሹ ጠፋ። ተቆጣሁ።

«መግለጫውን ሳትነካ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ያን ማታ መግለጫው ላይ አንድ መስመር አስተካከልን። ጃቫውም ሲ ፕላስ ፕላሱም አብረው ዳኑ፤ ለካ ያ ስህተት ሲ ፕላስ ፕላሱ ውስጥም ነበረ፣ ማንም አላየውም እንጂ።