የሐሰት ምስክር በገበያ ታሪክ ውስጥ

በአሜሪካ አገር፣ በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር፣ ሊን በምትባለው ከተማ የሊድያ ፒንክሃም መቃብር ይገኛል። በድንጋዩ ላይ እንደተቀረጸው ወይዘሮዋ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመታት በላይ በየጋዜጣው ይወጣ የነበረው ማስታወቂያ፣ የታመሙ ሴቶች ሁሉ የሕመማቸውን ምስጢር «ለወይዘሮ ፒንክሃም» ጽፈው ምክር እንዲጠይቁ ይጋብዝ ነበር። አያሌ ሴቶችም ጻፉ፤ መልስም ደረሳቸው። በ1905 «ሌዲስ ሆም ጆርናል» የተባለው መጽሔት የመቃብሩን ድንጋይ ፎቶግራፍ ባሳተመ ጊዜ፣ አንባቢዎቹ ምክር ሲቀበሉ የኖሩት ከሞተች ሴት ስም መሆኑን ተረዱ። ኩባንያው ግን አላፈረም። አሁን ያለችው ወይዘሮ ፒንክሃም የሟቿ ምራት ናት ሲል መለሰ። በቃል ደረጃ ይህ ሐሰት አልነበረም፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም የሚጀምረው ከዚሁ ላይ ነው።

ዛሬ በኢንተርኔት የሚገበያይ ሰው ከዕቃው ሥዕል በታች ኮከቦችንና የገዢዎችን አስተያየት ያነባል። አስተያየቱ በገንዘብ የተገዛ፣ ጸሐፊውም ዕቃውን በዓይኑ ያላየ ሊሆን እንደሚችል እየተነገረ ነው። ብዙዎች ይህን የኮምፒዩተር ዘመን ያመጣው አዲስ ክፋት አድርገው ይቆጥሩታል። ታሪኩ ግን ከዚያ የራቀ ነው።

በሀገራችን ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ሻጩን «ዋስ ጥራ» ማለቱ የቆየ ልማድ ነው። ዋሱ የሚታወቅ ሰው ነው፤ ቤቱ ይታወቃል፤ በሬው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ተጠያቂ ይሆናል። የምስክሩ ቃል ዋጋ የሚያገኘው ከቃሉ ማማር ሳይሆን፣ ተናጋሪውን ነገ ሄዶ ማግኘት ከመቻሉ ነው። ንግድ በፖስታና በጋዜጣ አማካይነት ከማይተዋወቁ ሰዎች መካከል በገባ ጊዜ፣ ዋሱ ቀረና ቃሉ ብቻ ተረፈ።

የፒንክሃም መድኃኒት ለሽያጭ የቀረበው በ1875 ነበር። ከሥራሥርና ከቅጠላ ቅጠል የተቀመመ ሲሆን፣ ከመቶ 18 ያህል አልኮል ነበረበት። ስለዚህ ከማስታወቂያው ጋር ይታተሙ የነበሩት የምስጋና ደብዳቤዎች ሁሉ የፈጠራ ድርሰት ነበሩ ማለት አይቻልም። በሥራና በወሊድ የደከመች ሴት ይህን ያህል አልኮል ያለበትን መጠጥ በማንኪያ እየለካች ወስዳ «ቀለል አለኝ» ብላ ብትጽፍ እውነቷን ነው። ሐሰቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ሳይሻላቸው የቀሩት ደብዳቤ አልታተመላቸውም፣ የተሻላትንም ከወር በኋላ ተመልሶ የጠየቃት የለም።

በዚያው በ1905፣ በጥቅምት ወር፣ ሳሙኤል ሆፕኪንስ አዳምስ የተባለው ጋዜጠኛ «ኮሊየርስ» በተሰኘው ሳምንታዊ መጽሔት ስለ እነዚህ መድኃኒቶች በተከታታይ መጻፍ ጀመረ። ካጋለጣቸው አንዱ «ሊኮዞን» ይባላል። ማስታወቂያው የመጀመሪያውን ጠርሙስ በነጻ ይሰጥ ነበር፤ ፈሳሹ ግን ጥቂት አሲድ ጠብ ያለበት ውኃ ነበር። በነጻ የሚሰጥ ነገር ያኔም ዋና ማጥመጃ ነበር ማለት ነው። በዚያ ዘመን የሕሙማን ደብዳቤዎች ራሳቸው ሸቀጥ ሆነው ነበር። አንዱ ኩባንያ ከተጠቀመባቸው በኋላ ደላሎች በጅምላ ገዝተው ለሌላው ይሸጡ ነበር። ሴትዮዋ በምስጢር የጻፈችው ሕመሟ የአድራሻ መዝገብ ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር።

ጋዜጦቹስ ለምን ዝም አሉ? በማስታወቂያ ውላቸው ውስጥ በቀይ ቀለም የሚጻፍ አንቀጽ ነበር። አንቀጹም ክፍለ ሀገሩ መድኃኒቶቹን የሚጎዳ ሕግ ቢያወጣ ውሉ ይፈርሳል የሚል ነበር። ባለጋዜጣው ሕጉን በመቃወም የሚሟገተው እንግዲህ ለራሱ ገቢ ነበር። ዛሬም የገበያው ባለቤት ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻ የሚያገኝ በመሆኑ፣ አምስት ኮከብ ያለው ዕቃ ሲሸጥ እርሱም ይጠቀማል። በእኔ አስተያየት ሁለቱ ዘመናት ከሁሉ በላይ የሚመሳሰሉት በዚህ ነው።

ሰኔ 30 ቀን 1906 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የምግብና የመድኃኒት ሕግ ፈረሙ። ሕጉ አልኮል፣ ኦፒየምና ኮኬይን ያለበት መድኃኒት ይህንኑ በላዩ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ እንዲገልጽ አስገደደ። ነገር ግን በ1911 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካንሰርን ይፈውሳል ተብሎ በተሸጠ መድኃኒት ጉዳይ፣ ሕጉ የሚከለክለው ስለ ቅመሙ የሚነገረውን ሐሰት እንጂ ስለ ፈዋሽነቱ የሚነገረውን አይደለም ሲል ወሰነ። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ማሻሻያ ክፍተቱን ለመድፈን ቢሞክርም፣ ከሳሹ ሻጩ ሆን ብሎ ለማታለል ማሰቡን እንዲያስረዳ ጠየቀ። የሰውን ሐሳብ ማስረዳት እጅግ አስቸጋሪ መሆኑ የታወቀ ነው። የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር ግን ሕግን ሳይጠብቅ፣ ፈውስ አገኘን ብለው የመሰከሩትን ሰዎች የሞት ማስረጃ እየፈለገ ከቃላቸው ጋር አያይዞ ያሳትም ነበር። ከዚህ የተሻለ መልስ እስካሁን ያየሁ አይመስለኝም።

አማዞን የተባለው ድርጅት በ1995 በኢንተርኔት መጽሐፍ መሸጥ ሲጀምር፣ አንባቢዎች አስተያየታቸውን እንዲጽፉ ፈቀደ። ሐሳቡ መልካም ነበር። በየካቲት 2004 ግን በድርጅቱ የካናዳ ገጽ ላይ በደረሰ የቴክኒክ ስሕተት የተሰወሩ ስሞች ተገለጡ። የገዛ መጽሐፋቸውን ስማቸውን ሸሽገው ያመሰገኑ ደራስያንም ታወቁ። በጥቅምት 2015 ድርጅቱ አስተያየት በ5 ዶላር ገደማ ይሸጡ ነበር ያላቸውን ከ1,000 በላይ ሰዎች ከሰሰ።

በየካቲት 2019 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ሐሰተኛ አስተያየት በገንዘብ ገዝቷል በማለት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሻጭ ከሰሰ። የተሸጠው ዕቃ ክብደት ይቀንሳል የተባለ እንክብል ነበር። ከፒንክሃም ጠርሙስ ብዙ አልራቅንም! ክሱ እንደሚለው ሻጩ ለ30 አስተያየቶች 1,000 ዶላር ከፍሏል። በ2023 ደግሞ ኮሚሽኑ ሌላ የቪታሚን ሻጭ 600,000 ዶላር እንዲከፍል አደረገ። የዚህኛው ዘዴ ረቂቅ ነበር፤ በሚገባ የተሸጠውን ዕቃ እውነተኛ አስተያየት አዲስ ከወጣው ዕቃ ጋር በማጣመር፣ ያልተመሰከረለት እንደተመሰከረለት ሆኖ እንዲታይ ያደርግ ነበር። እዚህም ላይ ምስክሮቹ አልዋሹም፤ ቃላቸው ነው የተሰረቀው። በ2020 በጋ በመላ አሜሪካ ያላዘዙት የዘር ከረጢት በፖስታ የደረሳቸው ሰዎችም ነበሩ። የግብርና ሚኒስቴሩ ነገሩ ሻጮች በተቀባዩ ስም አስተያየት ለመጻፍ የሚጠቀሙበት ማጭበርበሪያ ሳይሆን እንደማይቀር ገለጸ። ሰውየው ሳያውቅ ምስክር ሆኗል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ እንድመረምር ያደረገኝ የእናቴ እኅት ናቸው። ለ11 ዓመታት የስኳር በሽታ ክኒናቸውን ሲወስዱ ኖረው፣ በስልክ የተላከላቸውን ዱቄት ገዝተው ክኒኑን ተዉ። በሦስተኛው ሳምንት ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ። ሲነቁ «ማን አዘዘልዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «መቶ ሰው ዳንሁ ብሎ ሲመሰክር፣ እኔ ማን ነኝና ልጠራጠር ልጄ?» አሉኝ። ስልካቸውን ተቀብዬ የምስክሮቹን ድምፅ አንድ በአንድ አዳመጥሁ። አንዲቱ ሴት ስታለቅስ ይሰማል፤ እንባዋ የውሸት አይመስልም። ምናልባት እርስዋም የመጀመሪያውን ሳምንት ላይ ነበረች። ላነጋግራት ፈልጌ ሻጩን አድራሻዋን ብጠይቀው ስልኩን ዘጋው።

በነሐሴ 2024 የአሜሪካው ኮሚሽን ሐሰተኛ አስተያየት መሸጥንና መግዛትን የሚከለክል ደንብ አጸደቀ፤ በጥቅምት 21 ቀን በሥራ ላይ ዋለ። በ2024 ለእያንዳንዱ ጥፋት እስከ 51,744 ዶላር የሚደርስ መቀጫ ሊጠየቅበት ይችል ነበር። የ1912ቱን ማሻሻያ ላስታወሰ ሰው ከመቀጫው ይልቅ ሌላ ቃል ዓይኑን ይስበዋል፤ አስተያየቱን የገዛው ነጋዴ ሐሰትነቱን ማወቁ ብቻ ሳይሆን፣ ማወቅ ይገባው የነበረ መሆኑም በቂ ነው ይላል። ወደዚህ ቃል ለመድረስ 112 ዓመታት ፈጅቷል።