የቡና አቅራቢዎች ምዘና በኢሉባቦር

የአቅራቢዎች ምዘና ገዢ ድርጅቶች ከአቅራቢዎቻቸው የተረከቡትን ዕቃ ጥራት፣ መጠንና የማስረከቢያ ጊዜ ከውሉ ጋር እያነጻጸሩ ከማን ጋር መሥራት እንደሚቀጥሉ የሚወስኑበት አሠራር ነው። መቱ፣ ጎሬ፣ ሁሩሙና ያዮ በሚገኙበት በኢሉባቦር ዋናው የንግድ ሰብል ቡና በመሆኑ አሠራሩ በይበልጥ የሚታየው በቡና ላኪዎችና በአቅራቢዎች መካከል ነው።

ታሪክ

ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መሸጥ የጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው። በወቅቱ ቡናው የሚቀርበው በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ስለነበር ላኪው የማን ቡና እንደገዛ አያውቅም ነበር። ስለዚህ የሚመዘነው ቡናው እንጂ አቅራቢው አልነበረም። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 አቅራቢዎች በቀጥታ ለላኪዎች እንዲሸጡ ከፈቀደ በኋላ ግን ገዢው የእያንዳንዱን አቅራቢ ሥራ ከዓመት ዓመት መከታተል ቻለ።

መመዘኛዎች

* ''ጥራት''፦ በአገሪቱ የደረጃ አወጣጥ ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬ ቡናው፣ 60ው ለቅምሻ ይሰጣል። በጥሬው ጥቁርና የተበላሹ ፍሬዎች፣ ሽታና እርጥበት ይታያሉ፤ በቅምሻው ንጽሕና፣ ጣዕምና የመሳሰሉት ይመዘናሉ።
* ''መጠን''፦ የ100 ኩንታል ውል ገብቶ 80 ያስረከበ አቅራቢ ውሉን የፈጸመው 80 በመቶ ነው።
* ''ጊዜ''፦ የዘገየ ጭነት ላኪው ለውጭ ደንበኛው የገባውን ቀን ያሳልፍበታል።
* ''የናሙና ታማኝነት''፦ የመጣው ጭነት አስቀድሞ ከተላከው ናሙና ጋር መመሳሰል አለበት።
* ''ምንጭ''፦ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ሕግ ቡናው የተመረተበት ማሳ እንዲታወቅ ይጠይቃል። የደን ቡና በሚበዛበት በኢሉባቦር ይህ ትልቅ ትርጉም አለው።

የውጤቱ አጠቃቀም

አጠቃላይ ነጥብ ብቻውን የችግሩን መንስኤ አያሳይም። እርጥበቱ ከፍ ያለ ቡና እንደገና ሊደርቅ ይችላል፤ መሬት ላይ ተሰጥቶ የአፈር ጣዕም የያዘ ቡና ግን ወደ ቀድሞው አይመለስም። መፍትሔው በቀጣዩ ምርት የቀላ እሸት ብቻ መልቀምና በአልጋ ላይ ማድረቅ ነው። ዝናብ በሚበዛበት በዚህ አካባቢ ማድረቅ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በመሆኑም ውጤቱ ከነምክንያቱ ለአቅራቢው፣ ከእርሱም ለገበሬው ካልደረሰ ያው ጉድለት በሚቀጥለው ዓመት ይደገማል፤ የዋጋ ቅናሹንም በመጨረሻ የሚሸከመው ገበሬው ይሆናል።