ከፈረስ ሴረም እስከ ሰው አንቲቦዲ

የሶሪያሲስ ሕመምተኛ የሚወጋው ባዮሎጂክ (ከሕያው ሴል የሚመረት) መድኃኒት ቆዳውን አጽድቶለት ከቆየ በኋላ ቅርፊቱ ሲመለስ፣ ነገሩ የዘመናችን ችግር ይመስላል። የሕክምና መዛግብት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስዱናል (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በ1905 ክሌመንስ ፎን ፒርኬና ቤላ ሺክ የተባሉ የቪየና የሕጻናት ሐኪሞች ስለ «ሴረም በሽታ» መጽሐፍ አሳተሙ። ዘጊ አናዳ በዚያ ዘመን ይታከም የነበረው ከፈረስ ደም በሚገኝ ሴረም ነው። ሴረሙን የወሰዱ ሕጻናት ከሳምንት በላይ ቆይተው ትኩሳትና ሽፍታ ይይዛቸዋል፤ ዳግመኛ የተወጉት ግን ብዙ ሳይቆዩ ይታመማሉ። ሁለቱ ሐኪሞች ምክንያቱን በትክክል ገመቱ፦ ሰውነት ባዕዱን ፕሮቲን ለይቶ መከላከያ አበጅቶለታል።

ኒውዮርክ ውስጥ ሶሎሞን በርሰንና ሮዛሊን ያሎው ከእንስሳት የተገኘ ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ኢንሱሊኑን የሚይዝ አንቲቦዲ (ሰውነት ባዕድን ነገር ለመከላከል የሚያበጀው ፕሮቲን) እንደሚሠሩ ሲያሳዩ የሚያምናቸው አጡ። ጽሑፋቸው በ1956 የታተመው «አንቲቦዲ» የሚለው ቃል ከርዕሱ ወጥቶ ነው። ያሎው በ1977 ኖቤል ሲሸለሙ ስለ ጽሑፉ ከመጽሔት የደረሳቸውን የእምቢታ ደብዳቤ በንግግራቸው አስገቡት፤ ቂማቸው ተገቢ ነበር።

በ1975 ኮህለርና ሚልስታይን ካምብሪጅ ላይ ከአይጥ ሴል አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ የማምረት ዘዴ አገኙ። ከዚያ የተወለዱት የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች የፈረሱ ሴረም ዕጣ ገጠማቸው። ስለዚህ ባለሙያዎች የአይጡን ክፍል መቀነስ ያዙ። በዚህ መንገድ ከተሠሩት አንዱ የሆነው ኢንፍሊክሲማብ ሩብ ያህሉ ብቻ የአይጥ ነው፤ ሆኖም በ2003 የወጣው የቤልጂየም ጥናት ከ125 የክሮንስ (የአንጀት ብግነት) ሕሙማን 61 በመቶው ላይ ፀረ መድኃኒት አንቲቦዲ አገኘ። እነዚህ ሕሙማን መድኃኒቱን የወሰዱት ሕመሙ ሲያገረሽ እየጠበቁ ነበር፤ በእኔ ግምት ይህ ማቋረጥና መመለስ ነገሩን ሳያብሰው አልቀረም።

አዳሊሙማብ የተባለው ሌላ መድኃኒት የአይጥ ቅንጣት ስለሌለው ብዙ ተስፋ ተጣለበት። በ2010 የወጣ የአምስተርዳም ጥናት ግን ከ29 የሶሪያሲስ ሕሙማን 13ቱ ላይ አንቲቦዲ አገኘ፤ አንቲቦዲው የበዛባቸው ሰዎች በደማቸው የቀረው መድኃኒት ጥቂት፣ ለውጣቸውም ደካማ ነበር። ልኬቱ የተሠራው ያሎውና በርሰን ከኢንሱሊን ምርምራቸው ባወጡት የራዲዮአክቲቭ ስልት ነው። መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ የሰው ቢባልም፣ ቲኤንኤፍን (ብግነት የሚያስነሳውን ፕሮቲን) የሚይዝበት ጫፉ የራሱ ብቻ ቅርጽ አለው፤ ሰውነት ያንን ጫፍ ከዚህ ቀደም አያውቀውም።

ሁሉንም ጥፋት በአንቲቦዲ ማላከክ ግን መዝገቡን ማጣመም ይሆናል። ኢታነርሴፕት በተባለው ሌላ ባዮሎጂክ ላይ የሚነሱት አንቲቦዲዎች መድኃኒቱን አያከሽፉትም፤ ቢሆንም ኢታነርሴፕት ሠርቶላቸው ኋላ የከዳቸው ሕሙማን አሉ። ክብደቱ የበዛ ሰው ለሁሉም እኩል በተወሰነ መጠን ሲታከም መድኃኒቱ ይሳሳበታል፤ መርፌውን የሚያዘልልም አለ። አንቲቦዲው በሚያስቸግርበት ጊዜ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሰውነትን መከላከያ የሚያረግበውን ሜቶትሬክሴት ይጨምራሉ፣ አለዚያም በሌላ መንገድ ወደሚሠራ መድኃኒት ያዛውራሉ።